ጨረቃ ባትኖርስ? ከመርካቶ ሆኖ ሰማይን መጠየቅ



የማስተምረው ታሪክ ነው፤ ፊዚክስ አይደለም። ተማሪ ግን ሲጠይቅ የትምህርት ዓይነት አይመርጥም። ስለ ዓድዋ ዘመቻ እያስረዳሁ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና "ቲቸር፣ መሬት ድንገት መዞሯን ብታቆም ምን እንሆናለን?" ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ልጆቹ እንዲህ ያለውን "ቢሆንስ?" የሚያመጡት ከስልካቸው ነው። በቪዲዮው ላይ ማዕበሉ የሚነሳው ኒውዮርክ ነው፣ ሕንፃው የሚፈርሰው ለንደን ነው። እኛ የለንበትም። ስለዚህ ዛሬ አራት ጥያቄ ይዤ መልሱን እዚሁ መርካቶ፣ እዚሁ አገራችን ታሪክ ውስጥ ልፈልግ አሰብኩ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

1. መሬት መዞሯን ብታቆምስ?

ቀላሉ ይኸኛው ነው። በምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው ከመሬት ጋር በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የእኛ ፍጥነት ትንሽ ቀነስ ብሎ 1,650 ገደማ ነው፤ የመንገደኛ አውሮፕላንን እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው። ሚሊተሪ ተራ ቆሞ ዋጋ የሚከራከረውም፣ ዕቃ ተሸክሞ "ዞር በሉ!" እያለ የሚሮጠውም ልጅ በዚህ ፍጥነት ወደ ምሥራቅ እየተጓዙ ነው። አይታወቃቸውም፤ ምክንያቱም መሬቱም አየሩም አብሯቸው ይሄዳል።

መሬት ድንገት ብትቆም ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የምንሆነውን እንሆናለን። የምናለሽ ተራ ቆርቆሮና በርሜል፣ የሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ፣ ባለሱቁም ደንበኛውም ተያይዘው ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ይነሳሉ። በቃ፣ ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ድንገት ባይሆንም ግን መሬት በእርግጥ ፍጥነቷን እየቀነሰች ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆን ዌልስ የሚባል ተመራማሪ ከ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ የባሕር ኮራሎችን ቅሪት መረመረ። ኮራል እንደ ዛፍ ቀለበት የዕለት ዕድገቱን ምልክት ይተዋል። ዌልስ ሲቆጥር በአንድ ዓመት ውስጥ 400 ያህል ቀን አገኘ። የዓመቱ ርዝመት ስላልተለወጠ የዚያን ጊዜው ቀን 22 ሰዓት ገደማ ነበር ማለት ነው። ፍሬኑን የያዘችው ጨረቃ ናት፤ የባሕርን ውሃ እየሳበች መሬትን ቀስ በቀስ ታዘገያለች። እሷም በምላሹ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። ይህን የምናውቀው ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ያረፉት የአፖሎ 11 ተጓዦች ትተውት በመጡት መስታወት ላይ የሌዘር ብርሃን እያስነጠሩ በመለካት ነው።

2. መሬት ቀጥ ብላ ብትዞርስ?

መሬት 23.4 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው የምትዞረው። ክረምትና በጋ የሚመጡት ከዚህ ነው። ዝንባሌው ለእኛ ሁለት ነገር አድርጎልናል፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ እጅግ ትልቅ።

ትንሹ የቀን ርዝመት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አይሞላም፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጫ ጀምረን "ከጠዋቱ 1 ሰዓት" እያልን መቁጠራችን ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬደን ለዚህ ነው። በበጋ ሌሊቱ ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚሆንበት ሰሜናዊ አገር ብንኖር ኖሮ ይህ አቆጣጠር በሁለት ወር ይበላሽብን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ሙሉ ቅጂው በግዕዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ብርሃናት ያስተምራል። ቀንና ሌሊቱን በ18 ክፍል ይከፍልና በረጅሙ ቀን 12ቱ ክፍል ብርሃን፣ 6ቱ ጨለማ ነው ይላል። በዛሬ ሰዓት ሲሰላ 16 ሰዓት ቀን፣ 8 ሰዓት ሌሊት መሆኑ ነው። ይህ ለጎንደርም ለላሊበላም አይሆንም፤ ፓሪስ አካባቢ ነው የሚገጥመው። ተመራማሪዎች ስሌቱን ከጥንት ባቢሎናውያን የሰማይ ሰንጠረዦች ጋር ያያይዙታል። የእኛ ሊቃውንት ግን ከራሳቸው ሰማይ ጋር የማይገጥመውን መጽሐፍ አልጣሉትም፣ አላስተካከሉትምም፤ እንዳለ ገልብጠው ለዘመናት አቆዩት። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ዓለም እንደ አዲስ ያገኘው በዚያ ጥንቃቄ ነው።

ትልቁ ነገር ክረምት ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኛ ዘንድ ይደርሳል። መሬት ቀጥ ብትል ኖሮ ቀበቶው ምድር ወገብ አካባቢ ይቀራል፤ ሐምሌ የሚባል ጭቃ የለም፣ ጎርፍ የለም፣ ጤፍም የለም። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ከእኛ ደጋ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ የክረምት ውሃ ነው። ስለዚህ ያ 23 ዲግሪ ባይኖር የፈርዖኖች ግብፅም አትኖርም፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም አይኖርም።

"ይሄ እንግዲህ ምኞትና ግምት ነው" እንዳትሉኝ፤ የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ነገር በእርግጥ ተከስቷል። መሬት እንደ እንዝርት እየዞረች ጭራዋ ደግሞ ቀስ ብሎ ይዋልላል፤ አንዱ ዙር 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ መዋለል ምክንያት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የክረምታችን ወራት ፀሐይ ከዛሬው ጠንከር ያለ ነበር። ዝናቡ በረታ። ሰሐራ ሣር አበቀለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆኑ፤ ሞልቶም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ በመስኮት የምታዩት ሜዳ የዚያ ሐይቅ ወለል ነው።

3. ጨረቃ ባትኖርስ?

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሳይንሱን ባጭሩ ልጨርሰው፦ ጨረቃ ባትኖር የባሕሩ ሞገድ ይቀንሳል፣ ፍሬን የሚይዝ ስለሌለ ቀናችን በጣም አጭር ይሆን ነበር፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው የቀለበት ግርዶሽም አይኖርም።

ለእኛ ሰፈር ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይጠፋል። መርካቶ ውስጥ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ጨረቃ ባትኖር ረመዳን የለም፣ ዒድ የለም፤ ዐቢይ ጾምና ፋሲካም ቀናቸውን ያጣሉ። የሁለቱም ቤት ትልቁ ጾም በአንዲት ጨረቃ ነው የሚታወቀው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ጨረቃ 12 ጊዜ ስትወለድ 354 ቀን ገደማ ይሆናል። የፀሐይ ዓመት ደግሞ 365 ነው። ልዩነቱ 11። ይህችን 11 ያዙልኝ።

አንዋር መስጊድ ዘንድ 11ዱ ነፃ ይለቀቃል። በእስልምና አቆጣጠር ጭማሪ ወር ስለማይፈቀድ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል፤ በ33 ዓመት ገደማ ዓመቱን ሙሉ ዞሮ ይመለሳል። እኔ 35 ዓመቴ ነው፤ ረመዳን በእኔ ዕድሜ በክረምትም በበጋም፣ በፈተና ሰሞንም በዕረፍትም አልፏል።

ራጉኤል ዘንድ 11ዱ በስሌት ይያዛል። ባሕረ ሐሳብ የምንለው ይህ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ያቀናው ተብሎ ይታመናል። የ2018ን ዓመት ወስደን በወረቀት እንሞክረው፦

5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለሙ 7518።
7518ን ለ19 ስናካፍል ቀሪው 13፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12።
12 ሲባዛ በ11 ይሆናል 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል። ይህ አበቅቴ ነው።
12 ሲባዛ በ19 ይሆናል 228፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል። ይህ መጥቅዕ ነው።
12 እና 18 ሲደመሩ 30። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ ካልሆነ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

መጥቅዕ 18 ስለሆነ መስከረም 18ን እንይ፤ እሁድ ነበር። የእሁድ ተውሳክ 7። 18 ሲደመር 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ቁጠሩ፦ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ። ካልኩሌተር አያስፈልግም፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

አሁን ተመልሳችሁ አበቅቴን ያወጣንበትን ቁጥር እዩ። የተባዛው በ11 ነው! ረመዳን በየዓመቱ የሚቀድምባት ያችው 11። 19 ደግሞ ከ30 ላይ 11 ሲነሳ የሚቀረው ነው። አንዱ ጎረቤት ልዩነቱን እንዲሄድ ይለቀዋል፣ ሌላው በ19 ዓመት ዙር እያሰላ ይመልሰዋል። አንዱ ማታ ወጥቶ አዲሷን ጨረቃ በዓይኑ ይፈልጋል፣ ሌላው በጣቱ ይቆጥራታል። የሚፈልጉት ግን አንድ ነገር ነው።

4. ዓመቱ ትርፍራፊ ባይኖረውስ?

መጽሐፈ ሄኖክ ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል። 364 ልክ 52 ሳምንት ነው፤ በእርግጥ እንዲያ ቢሆን እንቁጣጣሽ ረቡዕ ከዋለ ለዘላለም ረቡዕ ነው። የቀን መቁጠሪያ ሻጮች አንዴ ሸጠው ሥራ ይፈቱ ነበር።

እውነቱ ግን 365 ቀን ከሩብ የሚጠጋ ነው። ሩቡን በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 አድርገን እንሰበስበዋለን። ችግሩ ሩቡ ሙሉ ሩብ አለመሆኑ ነው፤ በዓመት 11 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ይጎድላል። (ደግሞ 11! ይህኛው ግን ግጥምጥሞሽ ነው።) በ128 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1582፣ እኛ ዘንድ አፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት ዘመን፣ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የተጠራቀመውን 10 ቀን ሰረዙ፤ በጥቅምታቸው 4 ማግስት 15 ሆነ። አቆጣጠሩ ወደ እኛ የመጣው ግን በሳይንስነት አይደለም። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲያውጁ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካመጧቸው ለውጦች አንዱ ሆኖ ነው፤ ከዳግም ጥምቀትና ከሰንበት ክርክር ጋር ተጠቅልሎ። ገበሬው ጾሙና በዓሉ ከቦታው ሲነቃነቅበት አመፀ። እ.ኤ.አ. በ1632 ወይና ደጋ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፣ ልጃቸው ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። ጦርነቱ የተነሳው በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። ግን ያ ዓመት በሌላ መንገድ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት ገናን የምናከብረው ከአውሮፓውያን ጋር በአንድ ቀን ነበር።

ያ ጉድለት አሁንም ይቆጥራል። የ2093 ዓ.ም. ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፣ ለእኛ የሚለወጥ ነገር የለም፤ በፈረንጆቹ ግን ጃንዋሪ 7 መሆኑ ቀርቶ 8 ይሆናል። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ያሉት ልጆቼ ልጅ ልጆች "አያቴ፣ ለምን ተለወጠ?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ማን ይመልስላቸዋል? የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ክፍል ውስጥ "ፋሲካ መቼ ነው?" ስል ሁሉም ስልኩን ያወጣል፤ "እንዴት ታወቀ?" ስል ዝም ይላል። ሰማዩን ጠይቀው፣ መልሱን በጣት አንጓ እስኪያዝ ድረስ አቅልለው የተዉልን ሰዎች ልጆች ነን። እነሱ "ቢሆንስ?" ማለትን እንደ ቀልድ አላዩትም። ያለ ቴሌስኮፕ እዚያ ደርሰዋል፤ ዛሬ እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ አለን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሳተላይት አምጥቀናል፤ መጠየቁን ከተውን ግን መሣሪያው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ "ጨረቃ ባትኖርስ?" ሲላችሁ "ዝም ብለህ ጥናትህን አጥና" አትበሉት። ጥናቱ እኮ እሱ ነው። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ የቤት ሥራ አላችሁ፦ የ2019ን ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ አውጡና መልሱን ከእነ ስሌቱ ጻፉልኝ። ሙስሊም ተማሪዎቼ የተወለዳችሁበት ረመዳን በየትኛው ወር እንደዋለ ከቤተሰብ ጠይቃችሁ፣ ወደዚያው ወር መቼ እንደሚመለስ አስሉልኝ። ከስልክ የገለበጠ በመልኩ አውቀዋለሁ!