ሰብለና በዛብህ ተጋብተው ቢሆን ኖሮ

አንድ የአማርኛ አንባቢ «የእውነተኛ ፍቅር ምሳሌ ጥራ» ቢባል በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ለመጥራት ጊዜ አይፈጅበትም። «ከልብ ወለድ ውስጥ የጥሩ ትዳር ምሳሌ ጥራ» ቢባል ግን ብዙ ያስባል። ይህ የአንባቢው ጥፋት አይደለም። የአማርኛ ልብ ወለድ ከጅምሩ ሠርግን እንጂ ከሠርግ በኋላ ያለውን ኑሮ ብዙም አልተረከም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚያልቀው በጋብቻ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ በኋላ «ጦብያ» እየተባለ በታወቀው መጽሐፍ፣ ጦርነት የበተነው ቤተሰብ ይገናኛል፣ ድል አድራጊው ንጉሥ ክርስትና ይነሣል፣ ጦብያንም ያገባል። ትዳሩ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሁለት ወገኖች እርቅ ነው። የልጅቷ ስም ራሱ አገሪቱን እንደሚያስታውስ ልብ ይሏል።

በእውነተኛው ታሪክስ? በጋብቻ መታረቅ የቤተ መንግሥት የተለመደ ስልት ነበር። በ1875 ዓ.ም. የንጉሥ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳረች። ያኔ ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ገደማ ነበር። ልብ ወለዱ በደስታ የዘጋው በር፣ በታሪክ ውስጥ አንዲት ሕፃን የገባችበት በር ነው።

ይህን ችግር በልብ ወለድ ፊት ለፊት የገጠሙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የታተመው «የልብ አሳብ» የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ይተርካል፤ ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው መዳርንም ይነቅፋል። በ1925 ዓ.ም. በታተመው «አዲስ ዓለም» ደግሞ ፓሪስ ተምሮ ወደ ተጉለት የተመለሰው አወቀ ስለ ጋብቻና ስለ ተዝካር ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ዛሬ እነዚህን መጻሕፍት «ስብከት ይበዛባቸዋል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን የጻፏቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ያማረ ትዳር የሣሉትም አንባቢን ለማስደሰት ብቻ አልነበረም። አዋጅ ሊሆን የሚገባውን በተረት መልክ ማቅረባቸው ነበር።

ከዚያ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» መጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ መልካም ትዳር ምን እንደሚመስል አልሰበኩም፤ ለምን እንደማይሆን አሳዩ። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሯ የሚመጥን ባል እያጡ ያቆዩዋት ልጅ ናት። በሁለቱም ላይ የወሰነው ወላጅ ነው። ላልመረጠችው ባለ ማዕረግ ስትታጭ ትጠፋለች፤ የምትፈልገውን ሰው የምታገኘው ግን ሊሞት ሲል ነው። ፊታውራሪው ልጃቸውን የሚያዩበት ዓይን ባላገሩን ከሚያዩበት ዓይን ብዙም አይለይም፤ ሁለቱም በእጃቸው ያሉ ናቸው። ባላገሩ አምፆ ሲነሣባቸውና ልጅቷ ከቤት ስትጠፋ የፈረሰው አንድ ሥርዓት ነው።

የሚገርመው ግን አንባቢው ይዞት የቀረው ነገር ነው። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከ በኋላ በየቤቱ ገብቶ ሰብለና በዛብህ የፍጹም ፍቅር መለኪያ ሆነዋል። ፍቅራቸው ፍጹም ሆኖ የቀረበት አንዱ ምክንያት ግን አንድ ቀን እንኳ አብረው ቤት ስላልመሩ ነው። የሚበደሩት ጤፍ፣ የሚያስታምሙት ልጅ፣ የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ አልነበራቸውም። በመጽሐፉ ውስጥ በእርግጥ ከተኖሩት ትዳሮች አንዱ የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩአይነት ነው። እሱን ምሳሌ አድርጎ የሚጠራ የለም።

ሕጉም በራሱ ፍጥነት ተጉዟል። መጽሐፉ ከመታተሙ ስድስት ዓመት በፊት የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጋቢዎቹ ራሳቸው እንዲፈቅዱ ያዝዝ ነበር። ሆኖም ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅዳል፤ ባልንም የቤተሰቡ ራስ ያደርጋል። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 የሆነውና ባልና ሚስት እኩል የሆኑት በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ኅሩይ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በልብ ወለድ ከነቀፉ ከ69 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ዓይነት ታሪክ ሥራ ሠርቷል። ያማረው ትዳር ወዴት መሄድ እንደሚገባ ጠቆመ፤ የተሰናከለው መንገዱን ማን እንደዘጋው አሳየ። አደጋው ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ማንበብ ላይ ነው። የሰብለና የበዛብህ ታሪክ ትዳርን የከለከለ ሥርዓት ክስ ነበር። ዛሬ ግን የትዳር መለኪያ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ስለዚህ የክረምቱን ጣሪያና የልጅን ክፍያ አብሮ የተሸከመ ባልና ሚስት «ፍቅራችን እንደነሱ አልሆነም» ብሎ ያዝናል። እነሱ ግን ያንን ሸክም የመሸከም ዕድል የተነፈጉ ነበሩ። ሐዲስ ያለቀሱትም ለዚያ ነው።