የረፋዱ መረቅ በመርከብ ላይ

አትላንቲክን በእንፋሎት መርከብ ማቋረጥ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅ በነበረበት ዘመን፣ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ረፋዱን የሚገፋው ሰገነቱ ላይ በተደረደሩ ረጃጅም ወንበሮች ተጋድሞ፣ እግሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነበር። ወደ አምስት ሰዓት ግድም አስተናጋጆች ትሪ ይዘው ብቅ ይላሉ። የያዙት ትኩስ የበሬ ሥጋ መረቅ ነው፤ በስኒ ተቀድቶ፣ ከደረቅ ብስኩት ጋር። ቁርስ ከተበላ ብዙም አልቆየም፣ ምሳም ደርሷል፤ ቢሆንም ስኒውን የሚመልስ አይበዛም።

የዚህ መረቅ ቅድመ አያት ቅንጦት አያውቅም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሥጋና አጥንት ለረጅም ሰዓት አስቀቅሎ፣ መረቁ ረግቶ ሲደርቅ ቆራርጦ ለመርከቦቹ ስንቅ ያደርገው ነበር። እንግሊዛዊው አሳሽ ጄምስ ኩክ በ1768 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በ«ኤንዴቨር» መርከብ ሲነሣ 1,000 ፓውንድ፣ ማለትም 450 ኪሎ ያህል ይህን ደረቅ መረቅ ጭኖ ነበር። ከአተር ወይም ከስንዴ ጋር እየተቀቀለ ለመርከበኛው ይሰጣል። የታሰበው ድድ የሚያደማውን፣ ጥርስ የሚያረግፈውን ስከርቪን ይከላከላል ተብሎ ነው። አይከላከልም፤ በሽታውን የሚያመጣው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው፣ ያን ያህል የተቀቀለና የደረቀ መረቅ ደግሞ ይህ ቫይታሚን አይኖረውም። ኩክ ግን በምግብ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ማዴይራ ደሴት ላይ ትኩስ የበሬ ሥጋ አንበላም ያሉ ሁለት ሰዎችን እያንዳንዳቸውን 12 ጅራፍ አስገርፏቸዋል። ጾም ሳይሆን ሥጋ እምቢ ብሎ መገረፍ ለእኛ አገር አንባቢ ጉድ ነው።

መረቁን ከመርከበኛው ሳህን ወደ ባለጸጋው ስኒ ያሸጋገረው ኬሚስት ነው ማለት ይቻላል። ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1847 ሥጋን አፍልቶ ወደ ወፍራም ጭማቂ የመለወጥን ዘዴ ጽፎ አወጣ። ችግሩ ለአንድ ኪሎ ጭማቂ 30 ኪሎ ገደማ ሥጋ መፈለጉ ነው፤ በአውሮፓ ዋጋ የማይሞከር። በኡራጓይ ግን ከብት የሚታረደው በዋናነት ለቆዳው ስለነበር ሥጋው ርካሽ ነበር። ጊበርት የተባለ መሐንዲስ ይህን አይቶ ፍራይ ቤንቶስ ላይ ፋብሪካ ተከለ፤ በ1865 ለንደን ውስጥ የሊቢግን ስም የያዘ ኩባንያ ተቋቋመ። ጭማቂው የሥጋን ኃይል ሁሉ እንደያዘ ተደርጎ ተወራለት። ሲመረመር ፕሮቲኑ ኢምንት ሆኖ ተገኘ። ገበያው ግን አልቀዘቀዘም፤ ጠጪው የሚፈልገው ሙቀቱን፣ ጨውንና የሥጋ ጣዕሙን ነበርና። ስኮትላንዳዊው ሥጋ ነጋዴ ጆን ሎውሰን ጆንስተንም «የጆንስተን ፈሳሽ የበሬ ሥጋ» ያለውን ምርት በ1886 «ቦቭሪል» ብሎ ሰየመው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በማንኪያ ተጨልፎ ሙቅ ውሃ የሚፈስበት። እንግሊዞች ዛሬም በክረምት ኳስ ሜዳ ይጠጡታል።

ባሕር ላይ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ነፋሱ አንድ ምክንያት ነው። ማዕበል ያጥወለወለው ሰውም ባዶ ሆድ ይብስበታል፤ ወጥ ባይወርድለት ጨው ያለው ቀለል ያለ ትኩስ ነገር ይወርድለታል። እንደ እኔ ግምት ግን ዋናው ምክንያት ሥራ ፈትነት ነው። ሰባት ቀን ከውሃ በቀር የሚታይ በሌለበት፣ መረቁ ረፋዱን ለሁለት ይከፍልላቸዋል።

ከታች ላለው ተሳፋሪ ትሪ አይዞርለትም። በ1912 ሚያዝያ 14 በታይታኒክ ሦስተኛ ማዕረግ እኩለ ቀን ላይ የሩዝ ሾርባ፣ ለማታ ደግሞ አጥሚት መሰል ገንፎ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ነበር። በዚያው ሌሊት መርከቧ በረዶ ስትመታ ለእርዳታ የደረሰችው የ«ካርፓቲያ» መርከብ ካፒቴን አርተር ሮስትሮን ወደ ስፍራው እየገሰገሰ ትእዛዝ ሰጠ፦ በየአዳራሹ ቡና፣ ሻይና ሾርባ ይዘጋጅ፤ ብርድ ልብስ ይቅረብ። ከሦስቱ ሐኪሞቹ እንግሊዛዊውን አንደኛ ማዕረግ፣ ጣሊያናዊውን ሁለተኛ፣ ሃንጋሪያዊውን ሦስተኛ ማዕረግ መመገቢያ ክፍል መደበ። እንዲህ ባለው ሰዓት እንኳ ሐኪም በማዕረግ ተከፋፈለ፤ ሾርባው ግን ለሁሉም ደረሰ። የተረፉት 700 ያህል ነበሩ።

ለሽርሽር ብቻ መርከብ መሳፈር ከዚያ በፊት ተጀምሯል። የሃምቡርጉ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ አልበርት ባሊን በክረምት አትላንቲክን የሚሻገር ሰው ሲጠፋ «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችውን መርከብ ሥራ ከምትፈታ ብሎ በ1891 ጥር 22 ከኩክስሃፈን 241 ተሳፋሪ አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ላካት። ንግዱ እንዲህ ፀሐይን መከተል ሲጀምር የትኩስ መረቅ ነገር ላላ፤ ሙቀት ባለበት ባሕር ቀዝቃዛ መጠጥና አይስክሬም ይቀድማል። ዛሬ በመርከቦቹ ሻይና ቡና እንደ ልብ ነው፤ የጨው ጣዕም የናፈቀው ግን ወይ አስተናጋጁን መጠየቅ ወይ የመረቅ ኩብ በሻንጣው ይዞ ሙቅ ውሃ መቅዳት አለበት።

በ1873 ሮተርዳም ላይ የተመሠረተው የሆላንድ አሜሪካ መስመር ከዚህ የተለየ ነው። መርከቦቹ አላስካ ውስጥ ግላሲየር ቤይ ደርሰው በበረዶው ግድግዳ ፊት ሲቆሙ ሰገነቱ ላይ የሆላንዶች የአተር ሾርባ ይታደላል፤ ውፍረቱ ሽሮ ያስንቃል። የበረዶው ማያ ሞቃት አዳራሽ ትልልቅ መስኮቶች አሉት፤ ሰዉ ግን ኮቱን ደርቦ ውጭ ለሾርባው ይሰለፋል።