አቡጊዳ ያልዘለቀው ልጅ

ማታ ማታ፣ ከባንክ ሥራዬ ወደ ሸጎሌ ስመለስ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ አስነብባለሁ። አራተኛ ክፍል ደርሷል፤ «ጸ» እና «ጰ» ግን ገና አልተለዩለትም። እንዴት አለፈ?

የቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ክፍል አያውቅም ነበር። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው አቡጊዳ ይላል፣ የበሰለው ዳዊት ይደግማል። ፊደል ያልለየ ወደ ንባብ አይሻገርም። የኔታ ለሁሉም ስለማይዳረሱ፣ የቀደመው ልጅ የዘገየውን እንዲያስቆጥር ይታዘዛል። (ልምጩን ግን ማንም አይናፍቀው!)

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆችን በክፍል ደርድሮ እኩል አስኬዳቸው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተቀረጸ በኋላ፣ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት ሳይወድቁ እንዲያልፉ ተደረገ፤ ደካማው በተከታታይ ምዘና እየተለየ ይታገዛል ተብሎ ነበር። ማለፉ ጸና፤ እገዛው በተጨናነቀው ክፍል ውስጥ ሰጠመ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ሪሜዲያል ጀመሩ፤ ማጠናከሪያው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ደረሰ ማለት ነው።

ትናንት ማታ ልጁ «ጰ» ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሁለተኛ ክፍል ያለች እኅቱ ጠጋ ብላ በጆሮው ጠራችለት።