በደሴና በኮምቦልቻ ደህንነቱ የተጠበቀና ፍትሐዊ የጤና አገልግሎት የሚፈተንባቸው ጉዳዮች

ደህንነቱ የተጠበቀ የጤና አገልግሎት ታካሚው በሕክምና ላይ ሳለ ለተጨማሪ ጉዳት የማይጋለጥበት ሲሆን፣ ፍትሐዊ የሚባለው ደግሞ አቅምና ርቀት ሳያግደው እንደ ሕመሙ የሚታከምበት ነው። በደቡብ ወሎ ዞን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የሚገኙት የደሴና የኮምቦልቻ ከተሞች ተሞክሮ፣ ሁለቱ ተነጣጥለው ሊሟሉ እንደማይችሉ ያመለክታል።

በአገሪቱ የሦስት እርከን የጤና ሥርዓት አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3 ነጥብ 5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። የደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከደቡብና ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከዋግ ኽምራና ከአጎራባች የአፋር አካባቢዎች ታካሚዎችን ይቀበላል። በታችኛው እርከን መድኃኒትና የላቦራቶሪ ምርመራ ሲጓደል ሕመምተኛው በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ስለሚያመራ፣ መጨናነቁ የሕክምና ጥራትን ከመቀነሱም በላይ በተቋሙ ውስጥ ኢንፌክሽን የሚተላለፍበትን ዕድል ያሰፋል።

ፍትሐዊነትን ለማስፈን ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በአማራ ክልል ለሙከራው ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው ተሁለደሬ ነበር። በሥርዓቱ አባወራዎች ዓመታዊ መዋጮ ሲከፍሉ፣ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይሸፍናል። ይሁንና ለጤና ተቋማት የሚተላለፈው ክፍያ ሲዘገይ መድኃኒት የመግዛት አቅማቸው ስለሚዳከም፣ አባሉ መታወቂያውን ይዞ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ለመግዛት ይገደዳል።

መርሐ ግብሩ አርሶ አደሩንና መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የተሰማራውን የሚያቅፍ በመሆኑ፣ በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎች የሚሠሩ ተቀጣሪዎችም ሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች የታሰቡት በማኅበራዊ ጤና መድኅን ነው። ለዚሁ የወጣው አዋጅ ቁጥር 690/2002 ግን ከ10 ዓመታት በላይ ሳይተገበር ቆይቷል።

ከሁሉም የከፋው ፈተና የደረሰው በጦርነቱ ወቅት ነው። የሕወሓት ኃይሎች ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ሁለቱን ከተሞች ተቆጣጥረው ኅዳር 27 ቀን በመንግሥት ኃይሎች እስኪለቀቁ ድረስ በቆዩበት ጊዜ፣ የደሴ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎችና መድኃኒቶች ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። በኮምቦልቻ የዓለም የምግብ ፕሮግራም መጋዘኖችም ተዘርፈው በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ተወስዷል። ከፍተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመምተኛ እስከ ደብረ ብርሃን 270፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ጉዞ ተደቀነበት። ከዚያ በኋላ ጤና ሚኒስቴር ጉዳት የደረሰባቸውን ሆስፒታሎች ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር በማስተሳሰር አገልግሎታቸው ደረጃ በደረጃ እንዲጀመር አድርጓል።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት፣ የመድኅን አባላት ቁጥር ማደጉ ብቻውን የፍትሐዊነት መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ነው። በወረዳና በዞን ደረጃ የሚገኙ ኃላፊዎች በሪፖርታቸው ከአባላት ብዛት ጎን ለጎን መድኃኒት ያልቀረበባቸውን ቀናት፣ ለተቋማት ያልተከፈለውን ሂሳብና ያለ በቂ ምክንያት ወደ ደሴ የተላኩትን ታካሚዎች ቁጥር ቢያካትቱ፣ ድጋፍ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ለመለየት ይቻላል።