የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ወደ ማታር የመጣባቸው መንገዶች

ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ የዋንቶዋ ወረዳ ከተማ ናት። የምትገኘው ከደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ ነው። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ልጅ በቤቱ ኑዌርኛ ይናገራል፤ አማርኛን የክልሉ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ ይማረዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ተማሪውን የሚፈትነው የገበያና የሰላምታ እንግሊዝኛ አይደለም። የሚፈትኑት የመማሪያ መጽሐፍና የፈተና ቃላት፣ ማለትም በትምህርት ጥናት አካዳሚያዊ ቃላት የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ቃላት ወደ ኑዌር ምድር የገቡት በሁለት መንገድ ሲሆን ቀዳሚው ከካርቱም እንጂ ከአዲስ አበባ የተነሣ አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ሲዋዋሉ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። የጋምቤላ ጣቢያ የተመሠረተው በዚህ ውል ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያውን ያስተዳድር የነበረው የሱዳን መንግሥት ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። በወንዙ ታችኛው ክፍል፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ በምትገኘው በናስር፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በኑዌሮች መካከል ጣቢያ ተክሎ ያስተምር ነበር። ኑዌሮች ድንበሩ ከመሠመሩ በፊት በወዲህም በወዲያም የሚኖሩ ስለሆኑ ፊደሉም መጽሐፉም ወዲህ ለመሻገር ብዙ አልተቸገረም።

እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ ሱዳን በሬጃፍ የተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ግን ከሚሲዮኑም በላይ ወሳኝ ነበር። ጉባኤው ኑዌርኛን ጨምሮ ለተመረጡ የደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ላይ የቆመ የአጻጻፍ ሥርዓት ወሰነ። ትምህርቱ በሕዝቡ ቋንቋ ተጀምሮ ከፍ ባሉት ክፍሎች ወደ እንግሊዝኛ እንዲሻገርም መንገድ ጠረገ። ማታር ላይ የሚታየው የቋንቋ ደረጃ አወጣጥ ከጎንደርና ከደሴው ይልቅ ለዚህ የሬጃፍ አካሄድ ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ የአዲስ አበባው ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ቀድሞ በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛ ቦታውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። መጻሕፍቱም፣ ብዙዎቹ መምህራንም፣ የመልቀቂያ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ሆኑ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲደረግ ተማሪው በ7ኛ ክፍል በድንገት ወደ እንግሊዝኛ የሚዘልበት ክፍተት ተፈጠረ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጡት ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በአብዛኛው የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። ከሕንድ የመጡ መምህራንም በየአውራጃው ብዙ ነበሩ። ተማሪው ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው አነጋገር መስማት ነበረበት።

በዚያ ዘመን ቃላትን የማስተማሩ ጉዳይ በዓለም ዙሪያ የራሱ የምርምር መስክ ሆኖ ነበር። በቤንጋል ያስተማረው እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ዝርዝር ወደ 2,000 የሚጠጉ እጅግ ተዘውታሪ ቃላትን የያዘ ሲሆን፣ ለጀማሪ የሚዘጋጁ ቀላል የንባብ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ በእርሱ ተመርተዋል። ዝርዝሩ ለቀላል ልብ ወለድና ለተረት ንባብ ይበቃል፤ ለጂኦግራፊ ምዕራፍ ግን አይበቃም። ኒውዚላንዳዊቷ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ዝርዝር ይህን ጉድለት ያሳያል። ከሥነ ጥበባት፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ ጽሑፎች 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ሰብስባ፣ በዌስት ዝርዝር ውስጥ የሌሉ ነገር ግን በሁሉም መስኮች የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦችን (ከአንድ ሥር የሚወጡ የቃላት ስብስቦችን) ለየች። እነዚህ በአካዳሚያዊ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ።

የችግሩ እምብርት እነዚህ ቃላት ናቸው። ፎቶሲንተሲስን የባዮሎጂ መምህሩ ሥዕል ሥሎ ያስረዳል፤ መጽሐፉም ትርጉሙን ይሰጣል። አናላይዝ፣ ዴራይቭ፣ ሲግኒፊካንት የሚሉትን ግን የባዮሎጂ መምህሩ የእንግሊዝኛ መምህሩ ድርሻ ያደርጋቸዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ ተማሪው በየትምህርቱ ያገኛቸዋል ብሎ ያልፋቸዋል። ባለቤት ስለሌላቸው ማንም አያስተምራቸውም። የፈተና ጥያቄዎች ግን የሚጻፉት በእነርሱ ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ የደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ቢካሄድም ኑዌርኛና አኙዋኛ ከእነዚያ ውስጥ አልነበሩም። የኑዌሮች ትምህርት በዚያው ዘመን ሌላ በር ያገኘው በስደተኛ ጣቢያ ነው። በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ የተቋቋመው የኢታንግ ጣቢያ በ1980 ዓ.ም. አካባቢ በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ተበተነ። ደረጀ ፈይሳ ስለ አኙዋና ኑዌር ባደረገው ጥናት እንደሚያሳየው የኢትዮጵያ ኑዌሮችም በጣቢያዎቹ የትምህርት ዕድል ተጠቅመዋል። በአገራቸው መሬት ላይ ሆነው ለመማር እንደ ስደተኛ የተመዘገቡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲቀጥል ወሰነ። አፈጻጸሙ ግን እንደየክልሉ ተለያየ። ኦሮሚያና ትግራይ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እስከ 8ኛ ክፍል ሲዘልቁ ጋምቤላ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻቸው የተማሩት በትምህርት ውጤት እንደሚሻሉ አመልክቷል። በአራት ዓመት የኑዌርኛ ንባብ ብቻ የሳይንስን እንግሊዝኛ እንዲሸከም የሚጠየቀው የማታር ልጅ ዋነኛ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ኑዌርኛ በላቲን መጻፉ ፊደል ለመልመድ ያግዛል፤ የቃላቱን ፍቺ ግን አያቀልም።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በቴሌቪዥን የሚሰራጭ የፕላዝማ ትምህርት ነገሩን ይበልጥ አከበደው። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስስ ነበር፤ ቃሉ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ መምህሩ ሥርጭቱን ማስቆም አይችልም ነበር። የተማሪና የመምህር ቅሬታም በዚሁ ላይ ያተኮረ ነበር።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ማታር ከስደተኞች መግቢያዎች አንዷ ሆነች። የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ስላደረገው፣ በጋምቤላ ያሉ የስደተኞች ትምህርት ቤቶችም የኢትዮጵያን ሥርዓተ ትምህርት ስለሚከተሉ፣ የሁለተኛ ደረጃ ቋንቋ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በርካታ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ይሁንና እንግሊዝኛ ለተፈጥሮ ሳይንስም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተፈታኝ የግድ የሚወሰድ ፈተና ነው፤ ፊዚክሱም ኢኮኖሚክሱም የሚጠይቀው በዚያው ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ቃልን ከዐውዱ መገመትን፣ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያን ለይቶ የቃል ቤተሰብን ማስፋትን ያለማምዳሉ። ልምምዱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ ሲቀር የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ገጾች እንደነበሩ ይቆያሉ።