ግሊች፦ መገዳደል የሌለበት ጌም እንዴት ተከፍቶ እንዴት ተዘጋ?

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ጌም ሁለት ዓይነት እንደሆነ ሐሙሲትም ባሕር ዳርም ያለን ሁላችን አየነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሠራ፣ ኦንላይኑ ቆመ። የኦንላይን ጌም ቤቱ የኩባንያው ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩ ከተዘጋ ዳታ ኖረም አልኖረም ጌሙ የለም። የግሊች ታሪክ ይሄው ነው።

ግሊችን የሠራው ታይኒ ስፔክ የተባለ ኩባንያ ሲሆን መሪው ካናዳዊው ስቱዋርት በተርፊልድ ነበር። ሰውዬው ከዚያ በፊትም ኦንላይን ጌም ጀምሮ አልሆነለትም፤ ከዚያ ሙከራ ግን የፎቶ ማጋሪያው ፍሊከር ወጣ። (አልተማረም ማለት ነው!) ግሊች ለሕዝብ የተከፈተው መስከረም 16 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዋዜማ ነው።

ጨዋታው አሥራ አንድ ግዙፋን በሐሳባቸው በፈጠሩት ኡር በተባለ ዓለም ውስጥ ነው። ውጊያ የለም። ተጫዋቹ ዛፍ ይንከባከባል፣ ያበስላል፣ ቢራቢሮ አሽቶ ያልባል፣ ዶሮ ጨምቆ እህል ያወጣል። አሳማውንም አያርደውም፤ ነከስ አድርጎ ሥጋውን ይወስዳል፣ አሳማው መንገዱን ይቀጥላል። ለደራ ገበሬ ብናወራው «ኧረ ተው!» ይለናል።

የወደዱት በጣም ወደዱት፤ ግን ጥቂት ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ ለማሻሻል ተብሎ ወደ ሙከራ ደረጃ ተመለሰ። በዚያ ላይ የተሠራው በፍላሽ ነው፤ ሰው ወደ ስማርት ስልክ ሲዞር ፍላሽ እዚያ ቦታ አልነበረውም። ኅዳር 5 ቀን 2005 ዓ.ም. እንደሚዘጋ ተነገረ፣ ኅዳር 30 ሰርቨሩ ጠፋ።

እኛ የወደድነው አዘጋጉን ነው። የከፈሉ ተጫዋቾች ገንዘባቸው እንዲመለስ፣ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ወይም ለኩባንያው እንዲቀር ምርጫ ተሰጣቸው። ለተሰናበቱት ሠራተኞች ሥራ ተፈለገላቸው። ከዓመት በኋላም የጌሙ ሥዕሎች ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው ተለቀቁ።

ሠራተኞቹ ጌሙን ሲሠሩ እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን የራሳቸውን መሣሪያ ደግሞ ስላክ ብለው በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አወጡት። በ2013 ዓ.ም. ሴልስፎርስ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

የግሊች ወዳጆች በተለቀቁት ሥዕሎች «ኢለቨን» እና «ችልድረን ኦፍ ኡር» በሚል ዓለሙን መልሰው ለመገንባት ተነሥተዋል። በድሮው አካውንታቸው ያፈሩት ንብረት ግን ከሰርቨሩ ጋር ቀርቷል።