ኬታሚን፦ ከማደንዘዣነት እስከ ድባቴና ሥር የሰደደ ሕመም ሕክምና

ኬታሚን በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሕሙማንን ለማደንዘዝ የሚሰጥ፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ለጽኑ ድባቴና ሥር ለሰደደ ሕመም የሚሞከር መድኃኒት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ፓርክ ዴቪስ ለተባለው ኩባንያ ቀመረው፤ በ1964 በሰው ላይ ተፈተነ፤ በ1970 የአሜሪካ መንግሥት ፈቀደው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1985 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አገባው።

በሐዋሳም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የማደንዘዣ ባለሙያዎች ይህን መድኃኒት ጠንቅቀው ያውቁታል። የተወጋው ሰው ዓይኑ ተገልጦ ብሌኑም ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ፣ ሕመሙን ግን ሳያውቅ ይተኛል፤ ትንፋሹና የደም ግፊቱም እንደ ሌሎቹ ማደንዘዣዎች በቀላሉ አይወድቁም። ስለዚህ መብራትና ኦክስጅን በማይታመንበት የገጠር ሆስፒታል ሳይቀር ብዙ ነፍስ አድኗል። በ2015 ቻይና መድኃኒቱ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይዋል ብላ ሐሳብ ስታቀርብ የዓለም ጤና ድርጅት የተቃወመው፣ ድሆች አገሮች ዋና ማደንዘዣቸውን እንዳያጡ በመስጋት ነበር።

ኬታሚን ግሉታሜት የተባለው የአንጎል መልእክተኛ የሚያርፍበትን ኤንኤምዲኤ የተሰኘ ተቀባይ ይዘጋል። በ2000 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥቂት ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት ድባቴን በፍጥነት እንደሚያቀል አሳዩ፤ በ2006 የወጣ ሌላ ጥናትም ይህንኑ አጸና። የተለመደው መጠን በኪሎግራም ክብደት 0.5 ሚሊግራም ሲሆን በ40 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ይንጠባጠባል። የተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ሳምንታት ሲፈጁ ይህ በሰዓታት ይሠራል፤ ነገር ግን የአንድ ጊዜ መጠን ኃይል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ይደክማል። በ2019 ኤስኬታሚን የተባለው በአፍንጫ የሚነፋ ዝርያው በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ ተጠቃሚው በጤና ባለሙያ ፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንዲቆይ ታዘዘ።

ሥር በሰደደ ሕመም፣ በተለይም ከነርቭ ጉዳት በሚመጣው፣ የሕመም መልእክት ያለ ማቋረጥ ሲመላለስ ነርቮቹ ከልክ በላይ ይነቃሉ፤ ኬታሚን ይህን ንቃት ያበርዳል ተብሎ ይታመናል። ሆኖም ማስረጃው ከድባቴው ይልቅ የሳሳ ነው።

መድኃኒቱ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውን ከራሱ የተለየ ያህል እንዲሰማው ያደርጋል፤ ያለ ሥርዓት ደጋግሞ የወሰደውንም ለሱስና ለፊኛ ጉዳት ይዳርጋል። የልብ ደዌ ላለበትና ከእውነታ ውጭ የሆነ ድምፅ ለሚሰማ ሰው አደጋው ይበዛል።

በአገራችን በድባቴ የተያዘ ብዙ ሰው አስቀድሞ ወደ ጸበል መሄዱ የታወቀ ነው፤ በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ የሚማጸን ምእመንም ሐኪም ማየቱ ከእምነቱ አያርቀውም፤ ጸሎትና ሕክምና ለአንድ ፈውስ ይተጋሉና። በሕክምናውም ቅድሚያው እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉት የታወቁ መድኃኒቶችና ምክር ናቸው፤ ኬታሚን የሚታሰበው እነዚህ ተሞክረው ላልፈወሷቸው ነው። መድኃኒቱ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በድባቴ የሚሠቃየው ሰው ደግሞ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሚገኙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና የአእምሮ ሐኪሙ በአንድነት ካልመከሩ፣ ሕሙሙን የሚጠብቅ ባለሙያና ከዚያ በኋላም የሚከታተል ሐኪም ካልተዘጋጀ፣ በእጅ ያለው መድኃኒት ለዚህ አገልግሎት ሊውል አይገባም።